አሥረኛዋ ዶሮ

ቶማሳ ከማለዳ ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አጥታለች። ዛሬ የዶሮ እርባታው ፕሮጀክት ሠራተኛ ኦዲልያ ከጓቴማላ ከተማ ትመጣለች። ለመንደሩ ሴቶች ማኅበር አባላት ለያንዳንዳቸው የተሰጡት አሥር አሥር ዶሮዎች በሙሉ ከተገኙ፣ የጫጩት መፈልፈያው ማሽን ለመንደሩ ይሰጣል፤ አንዲት ከጎደለች ግን ማዶ ላለው መንደር ያልፋል። ሌሎቹ ሴቶች ትናንት ተቆጥሮላቸው ተገላገሉ። የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ቆጠረች። ዘጠኝ። ደገመች፤ ያው ዘጠኝ። ቀይዋ የለችም። ሮጣ ማድቤት ስትገባ አማቷ ዶኛ ኡላልያ ድስት ያማስላሉ።

«ቀይዋን አረዷት?»

«እንግዳ ይመጣል አላልሽም? ባቄላ ላቅርብላት እንዴ? ሰው ምን ይለናል!»

«ልትቆጥራቸው እኮ ነው የምትመጣው!»

«በልታ ትቁጠራ።»

ቶማሳ በንዴት ጦፈች። ጩኸቱን የሰማችው ጎረቤቷ ሮሴንዳ በአጥሩ ላይ የራሷን ቀይ ዶሮ አቀበለቻት።

«እንቺ፣ ዝም ብለሽ ጨምሪያት! ማን ያውቃታል?»

ቶማሳ እያፈረች ከዘጠኙ ጋር ቀላቀለቻት።

ኦዲልያ መጣች፣ መረቁን በበቆሎ ቂጣው በቶርቲላ እያጣጣመች በላች፣ ከዚያ ወጥታ ቆጠረች። «አሥር። ጎበዝ!» አለች። ቶማሳ ገና ትንፋሿን ሳትመልስ፣ አሮጊቷ ከኋላ መጡ።

«ዘጠኝ ናቸው። አንዷ የሮሴንዳ ናት። የኛን አንቺ በላሻት። ከገበያ የገዛናት እንዳይመስልሽ!»

ቶማሳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ኦዲልያ ወረቀቷን አገላብጣ አየች።

«የሞተ፣ የተሰረቀ፣ የተሸጠ ነው የሚለው፣ እናቴ። ለእንግዳ የታረደ የሚል ቦታ የለውም።»

«እንግዲያው አንቺ ጻፊበት። ልጄ የሞተ ጊዜ ለቀስተኛውን በፍል ውሃ ነው የሸኘሁት። የማቀርበው አልነበረኝም። ዛሬ ግን ከቤቴ አርጄ እንግዳ አበላሁ። ይኼንን ጻፊልኝ።»

ኦዲልያ ወረቀቱን ገልብጣ ባዶው ገጽ ላይ ቃል በቃል ጻፈችው።

«ማሽኑ ለዚሁ መንደር ይሰጣል» አለች። «ይኼ ለአለቆቼ ካልበቃቸው ምን ሊበቃቸው ነው?»

በባሏ ቀብር ቀን የፍል ውሃውን ኩባያ ስታዞር የዋለችው ራሷ ቶማሳ ነበረች። ሄዳ የአሮጊቷን እጅ ያዘች።