ኩልሱም ደግማ ያነሳቻቸው

ኢስሀቅ ከኢንቴቤ ብዙም በማይርቀው የካምዎክያ ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያለው የወሎ ሰው ነው። ሚስቱ ኩልሱም ከሞተች ወዲህ እሑድ እሑድ ሱቁን ይዘጋና ኪዋቱሌ ሰፈር ካለው ቤቱ አይወጣም። ቤቱ ለአንድ ሰው በዝቶበታል። ብቸኛ ልጁ ሲቲና ዶሃ ሥራ ከገባች ቆይታለች፤ ስትደውልም ጤናውን ጠይቃ፣ መብላቱን አረጋግጣ ትዘጋለች።

የቤተሰቡን ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥላቸው ድርጅት አገልግሎቱን ሊያቆም መሆኑን ሲያስታውቅ፣ ሲቲና እዚያው ሆና ሁሉንም ወደ ሌላ አዛወረችለት። ተዛውረው ሲያልቁ ግን አብዛኛው ፎቶ ሁለት ሁለት ሆኖ ተገኘ። የተደገመውን እያየ እንዲያጠፋ ነግራው ወደ ሥራዋ ሄደች።

ኢስሀቅ ነገሩን ወደደው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጥንድ ጥንዱን ያስተያያል፣ አንዱን ያጠፋል። ከሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አላወቀም። ኋላ ላይ ኩልሱም ኢንቴቤ ሐይቁ ዳር ሻሿን ነፋስ አንስቶት የምትስቅበት ፎቶ መጣ። ይኸው ፎቶ ከሲቲና ጋር በጋራ በሚያዩት አልበም ውስጥም አለ። ሁለት መስሎት አንዱን አጠፋ። ወደ አልበሙ ቢመለስ እዚያም የለም።

ወዲያ ወዲህ እያለ ሲፈልግ ስልኩ ጠራ።

«አባዬ፣ የእማዬ ፎቶ የት ሄደ?» አለች ሲቲና።

«የተደገመ መስሎኝ አጠፋሁት» አላት።

ፎቶው አንድ ብቻ እንደሆነ፣ አልበሙ ውስጥ የሚታየውም ያው ራሱ እንጂ ሌላ ቅጂ እንዳልሆነ አስረዳችው። ደግነቱ የጠፋው ሁሉ ለጊዜው የሚቆይበት ቦታ ነበረ። እየመራችው ገባና መለሰው። የኩልሱም ሳቅ ተመልሶ ብቅ ሲል ሁለቱም ተነፈሱ።

«መጥፋቱን እንዴት ወዲያው አወቅሽ?»

«ከሥራ ስወጣ ሁልጊዜ እሷን ነው የማየው።»

ይህን አያውቅም ነበር። ሐዘኑን ለብቻው የተሸከመ ይመስለው ነበር። ሊያወራት ፈለገ፤ ግን የሠራተኞቹ አውቶቡስ ደረሰና ተሰናበተችው።

ከዚያ በኋላ እጁ ፈራ። ጥንዶቹን እያጎላ፣ ቀስ ብሎ ያይ ጀመር። ያኔ ነው አንዳንዶቹ ድግግሞሽ አለመሆናቸውን ያስተዋለው። ኩልሱም ፎቶ ስታነሳ ምናልባት አንዱ ቢበላሽ ብላ ሁለቴ ነበር የምትጫነው። በመጀመሪያው እሱና ሲቲና ቀጥ ብለው ካሜራውን ያያሉ። በሁለተኛው ሲቲና ዞር ብላለች፤ እሱ ግን ዓይኑን ከካሜራው ከፍ አድርጎ፣ የምታነሳቸውን ሴት እያየ ፈገግ ብሏል። ሌላ ከፈተ። እዚያም እንደዚያው። እንዲህ ያያት እንደነበር ራሱም ረስቶታል።

ያጠፋቸውን በሙሉ መለሳቸው። አንዱን መርጦ «እዚህ ላይ እናትሽን እያየሁ ነው» ብሎ ለሲቲና ላከላት። መልስ አልመጣም፤ መንገድ ላይ ትሆናለች ብሎ ስልኩን አስቀመጠ።

ዝናቡ ሲያባራ ወጥቶ ከመንገዱ ዳር ሮሌክስ የሚሉትን፣ በቻፓቲ ቂጣ የሚጠቀለል የእንቁላል ጥብስ አስጠቀለለ። የእንቁላሉ እንፋሎት ገና ከቻፓቲው እየወጣ እዚያው ቆሞ በላው። ቤት ወስዶ የሚያካፍለው ሰው አልነበረም።