ቦዩ ዳር ያለው ሰው

ብፅዓት የጠፋ ወንድሟን ያየችው ለንደን፣ ኤድመንተን ጂም ውስጥ፣ ወዴትም በማይሄድ ብስክሌት ላይ ተቀምጣ ነው።

ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ስታጸዳ እርጥብ ወለል አንሸራቷት ጉልበቷ ከተሰበረ በኋላ፣ የፊዚዮቴራፒ ሐኪሟ በየሐሙሱ ብስክሌት እንድትረግጥ አዘዘቻት። ብስክሌቱ ከወለሉ ጋር የታሰረ ነው፤ ፊት ለፊቱ ግን ሰፊ ስክሪን አለው። አንዱን መንገድ መርጠው ሲረግጡ ፊልሙ አብሮ ይሄዳል፤ እግር ሲቆም ፊልሙም ይቆማል። ብፅዓት ተራራውንም የባሕር ዳርቻውንም ትታ የኢጣልያን ገጠር መረጠች፤ በወንዝና በመስኖ ቦይ ዳር የሚነጉድ የጠጠር መንገድ። ለምን እንደመረጠችው ባሏ ሔኖክ አልጠየቃትም። ያውቀዋል። ደረጄ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከዚያ አገር ነው፤ "ቦይ ዳር ነው የምኖረው፤ ብስክሌት ገዝቻለሁ፤ ጠጠሩ ግን ቂጤን ጨረሰው" ብሎ በሳቅ ገድሏት ነበር።

"አየሁት!" አለች የዚያን ሐሙስ፣ ሔኖክ የሚሠራበት ሚኒካብ ታክሲ ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን እንኳ ሳታስር። "ደረጄን አየሁት። ፊልሙ ውስጥ። ሩቅ ነው፣ በብስክሌት እየሄደ ነው። ግን ያንን ግራ ትከሻውን ጣል ሲያደርግ እኔ አጣዋለሁ?"

ሔኖክ ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። ሞተሩን ማስነሳት ጠፋበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደረጄ ሞቷል። የማታውቀው ብፅዓት ብቻ ናት።

በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ታፍሶ፣ ታስሮ፣ ተፈትቶ፣ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ባሕሩን የተሻገረ ሰው፣ ያን ሁሉ ያለፈ ሰው፣ አንድ ቀን ከእርሻ ሥራ ሲመለስ እግሩን ልታጠብ ብሎ ቦይ ወርዶ ቀረ። አብሮት ይኖር የነበረው ተክለአብ ለሔኖክ ደውሎ እያለቀሰ ነገረው። ብስክሌቱ የቦዩን የብረት መከታ ተደግፎ፣ ጫማው ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ካልሲው ተጠቅልሎ ጫማው ውስጥ ገብቶ ነው ያገኙት። እሱን ራሱን ያገኙት ታች፣ ውሃው ከሚዘጋበት በር ሥር ነው። እዚያው መንደር ቀበሩት።

ብፅዓት ያኔ ዲናን ፀንሳ ነበር፤ ከስንት ስለትና ከስንት ሐኪም በኋላ። ሔኖክ ወደ ጋሽ ኪዳኔ ሮጠ። ጋሽ ኪዳኔ የቶተንሃም ሐበሻ ሽማግሌ ናቸው፤ ያለሳቸው መርዶ አይነገርም። "በዚህ ሆዷ? ትውለድና" አሉት። ወለደች። "አራስ ቤት መርዶ ይዤ አልገባም" አሉ። ክርስትናው ደረሰ፤ "በደስታ ላይ?" አሉ። ጾም ሆነ፣ ፋሲካ ሆነ፣ የዲና ልደት ሆነ፤ ለመርዶ የሚሆን ቀን እንግሊዝ አገር አልተፈጠረም። ዓመታቱ በገፉ ቁጥር ደግሞ "እስከዛሬ ለምን ደበቃችሁኝ?" የሚለው ጥያቄ ከመርዶው ራሱ ከብዶ ቁጭ አለ።

ብፅዓትስ? ብፅዓት ወንድሟን አኮረፈች። ሔኖክ "ወደ ሰሜን ሄዷል አሉ፤ ወረቀት ስላላገኘ አፍሮ ነው የማይደውለው" ብሎ ነግሯት ነበርና፣ "ጨካኝ! እህት እንዳለውም ረሳ!" እያለች፣ ስሙ ሲነሳ ፊቷን እያዞረች ኖረች። የሔኖክን አንጀት የሚበላው ይሄ ነው። መሬት የገባውን ሰው በቁሙ እንዳለ ስትቀየመው ይሰማል፤ ሰምቶም ዝም ይላል።

በማግስቱ ሔኖክ ጂሙ ብቻውን ሄደ። እሱ ጤነኛ ጉልበት አለው። ያንኑ መንገድ መርጦ ረገጠ። ባሕር ዛፍ የሚመስሉ ረጃጅም ዛፎች አለፉ፤ የበቆሎ ማሳ አለፈ፤ ቦዩ በጎን በኩል ድምፅ ሳያሰማ አብሮት ሄደ። አንድ ሽመላ ጭቃው ላይ ቆማለች። የብረት መከታው ጋ ሲደርስ መርገጡን አዘግይቶ አየ፤ ግን ማንም የለም። እስከ መጨረሻው ረገጠ። የሰው ዘር የለም። ወርዶ ላቡን ጠረገና በራሱ ሳቀ። ናፍቆት ነው፣ ምስኪን፣ ናፍቆት ዓይን ላይ ወጥቶባት ነው አለ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ብፅዓት ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። "ዛሬ ቀረብኩት። ከብስክሌቱ ወርዶ መከታው ላይ አስደገፈው።"

የሔኖክ ሳቅ የት እንደገባ እንጃ። ብስክሌቱ መከታውን ተደግፎ መገኘቱን ለማንም አልተናገረም፤ ለጋሽ ኪዳኔም እንኳ። ቤት ሳይገባ ተክለአብ ጋ ደወለ፤ "ብፅዓትን አግኝተሃት ታውቃለህ?" "ኧረ ስልኳም የለኝ" አለ ተክለአብ። ሔኖክ ያን ሳምንት በሰፈራቸው በሚያልፈው በሊ ወንዝ ዳር መንዳት ተወ፤ ተሳፋሪ እያጉረመረመበት ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። የሚያብለጨልጭ ውሃ ማየት አስጠላው።

ሦስተኛው ሐሙስ መጣ። "ጫማውን አወለቀ" አለች፣ እያነከሰች መኪናው ውስጥ ስትገባ። "ካልሲውን ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? እማዬ እንዳስተማረችን ጠቅልሎ ጫማው ውስጥ ከተተው! ሌላ ማን እንዲህ ያደርጋል? ጉልበቴ እምቢ አለኝ እንጂ ጥቂት ነው የቀረኝ። ለሚመጣው ሐሙስ ፊቱን አያለሁ። ከዚያ ፍላይት ቡክ አደርጋለሁ፤ አገሩን ፈልገን እንሄዳለን። ኩርፊያዬንም ትቼዋለሁ፤ እሱን ልነግረው ነው።"

ሔኖክ የሚቀጥለውን ያውቃል። ከካልሲው በኋላ ውሃው ነው።

ብፅዓትን ቤት አድርሶ በቀጥታ ጋሽ ኪዳኔ ቤት ሄደ። ሁሉንም ነገራቸው። ሽማግሌው ጺማቸውን እየዳበሱ ሰሙት። "ትንሽ ጉልበቷ እስኪድን..." ብለው ጀመሩ።

"ጋሽ ኪዳኔ! ጉልበቷ የዳነ ቀን እኮ ነው የምትደርስበት! እርስዎ ካልመጡ እኔ እነግራታለሁ።"

ጋሽ ኪዳኔ አማተቡ። "እሺ ልጄ፣ ለዚህ እሑድ ሰው አይሰበሰብልኝም፤ በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ ሰው ይዤ እመጣለሁ" አሉ። ያ እሑድ ግን ከሚመጣው ሐሙስ በኋላ ነው። ሔኖክ በየቀኑ ዛሬስ ብሎ ይነሳል፤ ብፅዓት እያንጎራጎረች የዲናን ፀጉር ስትሠራ ሲያያት ለነገ ያደርገዋል። ስታንጎራጉር ከሰማት ቆይቷል። እንዲህ ሐሙስ ደረሰ።

አብሯት ገባ። ብፅዓት ብስክሌቱ ላይ ወጣች፣ መንገዷን መረጠች፣ ረገጠች። ሔኖክ ከኋላዋ ቆመ። ዛፎቹ አለፉ፤ በቆሎው አለፈ፤ ሽመላዋ አለፈች። መከታው ከሩቅ ታየ። መከታው ላይ ብስክሌት ተደግፏል።

ሔኖክ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ይሄን መንገድ በገዛ እግሩ ረግጦታል፤ እዚያ ማንም አልነበረም። አሁን ግን ጫማው ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከጫማው ወዲያ፣ ሲሚንቶው ጠርዝ ላይ፣ አንድ ሰው ሱሪውን ጠቅልሎ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ግራ ትከሻው ጣል ብሏል።

"ደሬ!" አለች ብፅዓት። በአጠገባቸው የሚሮጡት ሰዎች ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነዋል፤ የሰማት የለም። "ደሬ፣ መጣሁ!" ጥርሷን ነክሳ ረገጠች። ሰውየው አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ አስገባ። ደግማ ረገጠች፤ በመዳፉ ተደግፎ ዝቅ አለ። ያን ጊዜ ለሔኖክ ተገለጠለት። ወደ ውሃው የምታወርደው እሷ ናት። በረገጠች ቁጥር ይወርዳል።

"አትርገጪ!" ብሎ ጮኸና እጇን ያዘ። "በማርያም፣ ብፅዓት፣ አትርገጪ!"

እግሯ ቆመ። ፊልሙም ቆመ። ሰውየው አንድ እግሩን ውሃ ውስጥ እንዳደረገ፣ ፊቱን ሊያዞር ትንሽ ሲቀረው ደረቀ።

"ምን ሆነሃል? ደረስኩበት እኮ!"

ለዚህች ቀን ስንት ዓመት ቃል ሲመርጥ ከርሟል፤ አንዱም አልመጣለትም። "ደረጄ የለም" አለ። "ሞቷል። ዲና ሆድሽ ውስጥ ሳለች። እዚህ ቦይ ውስጥ ነው የቀረው።"

ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ጠየቀችው።

"ያን ሁሉ ጊዜ ስሰድበው ሞቶ ነበር?"

"አዎ።"

"አንተ እያወቅህ ትሰማኝ ነበር?"

ሔኖክ አንገቱን ደፋ። እንዲህ ያለ እፍረት በዕድሜው አያውቅም። ስክሪኑ ላይ "ይቀጥላሉ?" የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ እግር ካልተንቀሳቀሰ ማሽኑ ሊጠፋ ነው።

ብፅዓት እንባዋን በክንዷ ጠረገችና እግሮቿን ፔዳሉ ላይ መለሰች። ሔኖክ ሊይዛት ቃጣ። እሷ ግን ወደ ፊት አልረገጠችም። ወደ ኋላ ረገጠች። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ባላት አቅም ሁሉ፣ የታመመው ጉልበቷ እየተንቋቋ፤ እግሩን ከውሃው አውጥታ፣ ካልሲውን አልብሳ፣ ጫማውን አድርጋለት፣ ብስክሌቱ ላይ አስቀምጣ ቤቱ ልትመልሰው። ፔዳሉ ባዶውን ተሽከረከረ። ሰውየው ካለበት ንቅንቅ አላለም።

"አግዘኝ" አለችው ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ሔኖክ፣ አግዘኝ እንጂ!"

ሔኖክ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ፔዳሉን በሁለት እጁ ይዞ አብሯት ወደ ኋላ ማዞር ጀመረ። ስክሪኑ ጠፋ። እነሱ አላቆሙም።