የፔጆዋ መቀመጫዎች

ሀምዱ ከደሴ ኮምቦልቻ እህል የሚያመላልስባት ፔጆ ፒክአፕ አሮጌ ነበረች። ሞተሯ ደህና ነው፤ መቀመጫዎቿ ግን ተበልተው ሞላቸው ስለወጣ፣ ጆንያ በተነጠፈበት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ይነዳ ነበር። ሚስቱ ጣይባ ከሞተች ወዲህ አብሮት የሚሳፈር ስላልነበረ ብዙም አላሳሰበው። ወገቡ እምቢ ሲለው ነው መቀመጫ ፍለጋ የጀመረው።

ኮምቦልቻ ያለው መካኒክ ደምመላሽ የላንድሮቨር መቀመጫ ሞከረለት፤ ጭንቅላቱ ጣሪያ ነካ። የፊያት ሞከረለት፤ ማርሹን አላስገባ አለ። በመጨረሻ፣ «ደሴ ገበያነሽ የሚባሉ ሴት አሉ» አለው። «የሟች ባላቸው መኪና እንዳንተው ፔጆ ነበረች። ብረቷን ሲሸጡ መቀመጫዎቿን ቤት አስቀርተዋል።»

ሀምዱ ሄዶ ሲያንኳኳ ሴትዮዋ ቶሎ አልከፈቱም። የመጣበትን ሲሰሙ ነው ፊታቸው የተፈታው። መቀመጫዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ልጄ በላቸው ከታሰረ ወዲህ ጎረቤት ደጄን አይረግጥም» አሉት። «አንዱን ውሰድ። አንዱ ይቅርልኝ፣ የምቀመጥበት ነው።»

«በምን ልካስዎት፣ እትዬ?»

«ልጄን ኮምቦልቻ አዛውረውታል አሉኝ። ስንቅ ይዤ ልሂድ ብል የሚጭነኝ አጣሁ። ስሙን ሲሰሙ ይሸሻሉ።»

ሀምዱ ሁለቱን መቀመጫዎች አየ። እሱም ይፈራል።

«እንግዲያው ሁለቱንም እንግጠማቸው» አለ። «ሳጥን ላይ አስቀምጬ የሐረጎን ቁልቁለት አላወርድዎትም።»

ብሎኖቹን ደጃቸው ላይ አሰረ። መቀመጫዎቹ ልክክ አሉ። ገበያነሽ አገልግላቸውን ታቅፈው ገቡ፤ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ፣

«ባሌ ሲነዳ ያንጎራጉር ነበር» አሉ።

«እኔ ድምፅ የለኝም።»

«ግድ የለም።»

ኮምቦልቻ፣ እስር ቤቱ በር ላይ ዘበኛው የልጃቸውን ስም ጠይቆ ገባና ተመለሰ። «እዚህ የለም፣ እናቴ።»

«የት ወሰዳችሁት?»

«አላውቅም። ይሂዱ።»

ገበያነሽ አገልግሉን ዘርግተው፣ «ለራበው ስጡት» አሉ። ዘበኛው ዓይናቸውን ሳያይ ተቀበላቸው።

ሲመለሱ ሀምዱ ጣይባ የሞተች ጊዜ ሰዎች ሊያጽናኑት የተናገሩት ሁሉ ትዝ አለውና አንዱንም ሊደግመው አልወደደም።

ደሴ ሲደርሱ የእሳቸውን መቀመጫ ሊፈታ የብሎን መፍቻውን አነሳ።

«ተወው» አሉት። «እኔ መደቡ ላይ እቀመጣለሁ።»

«እትዬ፣ የእርስዎ እኮ ነው።»

«መኪና ውስጥ ይሻለዋል።»

የበላቸው ወሬ ከዚያ በኋላ አልተሰማም። ሀምዱ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ አንዳንድ ጠዋት በገበያነሽ ደጅ ያቆማል። ደስ ያላቸው ቀን ነጠላቸውን ደርበው ይወጣሉ፤ ጉዳይ ሳይኖራቸው አብረውት ወርደው አብረውት ይመለሳሉ። በሩ ሳይከፈት ሲቀር ሞተሩን ሳያጠፋ ትንሽ ይጠብቅና ብቻውን ቁልቁል ይወርዳል።