መስመር ያለበት እግር

ፈቲሀን «ሙያውን ከማን ተማርሽ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ወሬው እንደሚረዝምበት ይወቅ። የወልቂጤውን የጋሼ ዱባለን ስም ከጀመረች ቶሎ አታበቃም። ሰባት ዓመት ከጎናቸው ተቀምጣ ራዲዮ ፈትታለች፣ አምፕሊፋየር በይዳለች። ቡታጅራ ላይ የራሷን ሱቅ ስትከፍትም መርቀው የሸኟት እሳቸው ናቸው። በምርቃቱ ላይ አንድ ቆርቆሮ ታንታለም፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ቢጫ ካፓሲተሮች ጨመሩላት፣ ሃምሳ ፍሬ።

«አሮጌ ዕቃ የሚሞተው በካፓሲተሩ ነው» አሏት። «በርሜል የሚመስለው ካፓሲተር ሲያረጅ ውስጡ ይደርቃል። በሱ ቦታ ይቺን ቢጫዋን አስገቢ፤ ታንታለም አይደርቅም። መስመር ያለበት እግሯ ኔጌቲቭ ነው፣ ልክ እንደ በርሜሉ።»

ወልቂጤ ሳለች ግን ታንታለም በእጇ አስገብታ አታውቅም። «እሷ ሙቀት አትወድም፣ ለኔ ተዪልኝ» ይሏት ነበር። ለሷ ያሰቡ ይመስላት ነበር።

ሱቁ በተከፈተ በሦስተኛው ወር እሷ የጠገነችው የሰፈሩ መስጊድ አምፕሊፋየር በጁምዓ ኹጥባ መካከል ተንጣጣና ጨሰ። አባቷ ከሰጋጆቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። ከዚያ የአንዱ ቴፕ፣ የሌላው ራዲዮ፤ አንዱ በሳምንቱ፣ አንዱ በወሩ። ደህና ሲሠራ የነበረው ሁሉ ድንገት ይሸታል። ቡታጅራ ደግሞ ወሬ አያድርባትም፤ «እሷ ጋ የገባ ዕቃ ጢስ ሆኖ ይወጣል» ተባለ። ሰው ዕቃውን በሚኒባስ እየጫነ ወልቂጤ ጋሼ ዱባለ ጋ ይወስድ ጀመር፤ ድኖም ይመለሳል።

እሳቸውም ይደውሉላታል። «አይዞሽ ፈቲ። እጅ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ወንበርሽ ላይ ማንም አልተቀመጠም።» ስልኩን ዘግታ ታለቅሳለች፤ የምታፍረው በራሷ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ፈልጊ ያሏትም ነበሩ። የአባቱን ስም ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ማን አለ?

ባለፈው ረቡዕ ከመስጊዱ ኮሚቴ ሐጂ ሙሀመድሰይድ ያንኑ አምፕሊፋየር ይዘው መጡ። ጋሼ ዱባለ ከሠሩት አራት ወር ሆኖታል፣ እንከን የለውም፤ የድምፅ መጨመሪያው ብቻ ተሰብሯል።

«ለዚህ ወልቂጤ ድረስ አልሄድም» አሉ ሐጂ፣ ዓይኗን ላለማየት ወደ መንገዱ እየተመለከቱ። «ውስጡን ግን አደራ፣ እንዳትነኪው።» ትተውላት ሄዱ።

አልነካችውም፤ አየችው እንጂ። እሷ ታንታለም ባስገባችበት ቦታ ሌላ ታንታለም ተቀምጧል፤ መስመሩ ግን ወደ ተቃራኒው ዞሯል። ዓይኗን አላመነችም። መብራት ላይ ሰክታ በቴስተር ለካችው። መስመር ያለበት እግር ፖዘቲቭ ነው። አራት ወር ሳይጨስ የሠራው እንዲህ ሆኖ ነው፤ የሷ ያጨሱት ተገልብጠው ስለገቡ ነው።

ተሳስተው ነው ልትል ፈለገች። ነገር ግን የቀሩትም ሁለቱ እንደዚሁ ነበሩ። ሰው ሦስቴ ተሳስቶ ሦስቴም እንዴት ይቀናዋል?

ያም ሆኖ ዕድል ልትሰጣቸው ደወለች።

«ጋሼ፣ ታንታለም ላስገባ ነበር። መስመሩ የቱ ጋ ነው የሚሆነው? ጠፋኝ።»

እውነቱን ቢነግሯት ያለፈውን ሁሉ ልትተወው ቆርጣ ነበር።

«ኔጌቲቭ ጋ ነዋ፣ ልጄ» አሉ ለስለስ ብለው። «ስንቴ ነገርኩሽ? ይልቅ አትልፊ፣ ተመለሽ። ዓይኔም እየደከመ ነው። ወንበርሽ አለች።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በልቧ አንቱታው ቀረ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስትሰማ ኖራለች፤ እንዲህ እንደሚያም ግን ማንም አልነገራትም። ጠልቷት ቢሆን በተሻላት። ሰውየው ግን የሚፈልገው ዓይኗን ነበር፤ ስሟን በገዛ አገሯ አቃጥሎ ወንበሩ ላይ ሊመልሳት። ልጄ የሚላትም በዚያው አፉ ነው።

የሐጂን መጨመሪያ ቀይራ ክዳኑን ገጠመች። ከዚያ ቆርቆሮዋን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ ቆጠረች። ሃያ ሰባት ቀርተዋል። ካስገባቻቸው ሃያ ሦስቱ ስምንቱ ጨሰዋል፤ አሥራ አምስቱ ከቡታጅራ እስከ ቡኢ በየሰው ቤት ተገልብጠው ቀናቸውን ይጠብቃሉ።

ሱቁን ዘግታ፣ መበየጃዋንና ቆርቆሮውን በቦርሳ ይዛ፣ መጀመሪያ የእማማ ሳሌሃን በር አንኳኳች። ራዲዮው መደርደሪያው ላይ ዜና ያሰማል።

«ደህና ነው እኮ» አሉ እማማ ሳሌሃ። «ምን ሆንሽ?»

«ሳይጨስ እንንቀለው፣ እማማ። አንዷን ዕቃ ገልብጬ ነው ያስገባሁት። ተሳስቻለሁ።»

አሮጊቷ ገመዱን ነቅለው ራዲዮውን ሰጧት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ብሎኑን ስትፈታ ቆመው አዩዋት።

«እንዲህ አድርጎ ያስተማረሽ ማነው?»

ፈቲሀ ቀና አላለችም።

«ማንም» አለች።