የልብስ ሰፊው አንገት

የልብስ ሰፊው አንገት ወደ ቀኝ ዘንበል ካለ ብዙ ዓመቱ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ስፌት መኪና ላይ ያቀረቀረ ሰው ሌላ ምን ይሆናል ብሎ ችላ ብሎት ነበር። መቀስ የሚይዝበት ክንዱ ከትከሻው በላይ አልነሣም ሲለው ግን ደነገጠ። ጨርቅ መቁረጥ ካቃተው፣ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ ቁልፍ ሊተክል ነው?

“እህቴ ጋ ሂድ” አለችው ሚስቱ። እህቷ የማሳጅ ባለሙያ ናት።

“ሊጥ ነኝ እንዴ የምታሸኝ?”

“ሊጥማ ይለሰልሳል። አንተ ግንድ ነህ።”

ግንዱ ሄደ። ጠባቧ አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ “ቀስ በይ! ገደልሽኝ!” እያለ ጮኸ።

“ጋሼ፣ ገና ቅባቱን እያሞቅሁ ነው። አልነካሁህም።”

ሲወጣ ትከሻው ቀለለው። ድኛለሁ ብሎ ቀረ፤ በሳምንቱ ክንዱ መልሶ ተቆለፈ።

“አንድ ቀን በልተህ ዓመት ትጠግባለህ?” አለችው የሚስቱ እህት። “እኔ ተአምር አልሠራም። የተኮማተረ ጡንቻ ነው የማፍታታው። የሃያ ሰባት ዓመት ቋጠሮ ደግሞ በአንድ ቀን አይፈታም። ሐሙስ ሐሙስ ና። እጅህን ከደነዘዘህ ግን ሐኪም ጋ ነው የምልክህ።”

ሐሙስ ሐሙስ ሄደ። ለደንበኞቹ “ሚስቴ እንዳትቀየመኝ ብዬ ነው” ይላል። የቆየ ራስ ምታቱ ሲተወው፣ እንቅልፉ ሲጣፍጠው ደግሞ “አየሩ ተስማምቶኝ ነው” አለ።

በስምንተኛው ሳምንት፣ አርብ ጠዋት፣ ሱቁን ከፍቶ ገባና ቀጥ ብሎ ቆመ።

“መስታወቱን ማነው ያጣመመው?”

ሚስቱ ከያዘችው ኮት ላይ ቀና አለች። “ከሰቀልከው ዘጠኝ ዓመቱ። ማንም አልነካውም።”

“በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ወርዷል እኮ! አይታይሽም?”

“እኔማ ሁሌም ይታየኛል። አንተ አትሰማም ብዬ ተውኩት።”

አንገቱን እንደ ድሮው ዘንበል አደረገ። መስታወቱ ቀና። አንገቱን ሲያቀና መስታወቱ ተጣመመ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደንበኞቹን ከመስታወቱ ጠርዝ ጋር እያስተያየ “ትከሻህ ተንሻፏል፣ ቀጥ በል እንጂ ወንድሜ!” ሲል ኖሯል። አንዱ ሙሽራማ በኀፍረት ላብ አጥምቆት ነበር።

“ስንቱን ቀጥ ያለ ሰው አጎበጥከው” አለች ሚስቱ፣ ሳቋን ኮቱ ውስጥ እየቀበረች።

ቀኝ እጁን ሰቅሎ፣ ከራሱ በላይ ያለውን የመስታወቱን የቀኝ ምስማር ነቀለና ከፍ አድርጎ መልሶ መታው።

“እንዴ፣ ሰውዬ! ክንድህ የት ደረሰ?”

እጁ ከላይ እንዳለ ቀረ። ቀና ብሎ አየው፤ የሰው እጅ መሰለው።

“አየሩ ነው” አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጨመረ፦ “እህትሽ ለሚመጣው ሐሙስ በስንት ሰዓት ነበር ያለችኝ?”