ዳይስ የማይወረወርበት ሰይፍ

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሶሲ ሺፍቷን ጨርሳ ኤፔክስ ካለው መጋዘን ወደ ቤቷ ስትነዳ በጭንቅላቷ የሚዞረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የኩላሊት እጥበት ማዕከሉ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አዲስ ሰው አያስገባም። እሑድ አይከፍትም። ወንድሟ ፋኑኤል ዛሬ ማሽኑ ላይ ካልተቀመጠ ሰኞን ማየቱ ያጠራጥራል። ይሄን ያለቻት የማዕከሉ ነርስ ናት፤ ስልክ ላይ፣ ቀስ ብላ፣ ጆሮው ለማይሰማ ሰው እንደሚነገር ደጋግማ። ሶሲ እንደሆነች ከመጀመሪያውም ሰምታታለች።

ፋኑኤል ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ሄንደርሰን ያለው ማዕከል ሄዶ አራት አራት ሰዓት ደሙ በማሽን ይታጠብለታል። እንግዲህ ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሌላ ስቴት የመጣ አገልጋይ እጁን ጫነበትና በማይክራፎን «ተፈውሰሃል! ከዛሬ ጀምሮ ማሽን አትነካም!» አለው። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። እናታቸው ከበቡሽ ጫማዋን አውልቃ ዘለለች። ማክሰኞ ፋኑኤል ቀረ። ሐሙስም ቀረ። ነገ ደግሞ መድረክ ላይ ወጥቶ እንዲመሰክር ስሙ ተይዟል።

ሶሲ ያላደረገችው የለም። ለመነች፣ ጮኸች፣ አለቀሰች፤ ሐሙስ ዕለት አምቡላንስ ጠራች። የመጡት ሰዎች በትህትና ጠየቁት፣ እሱም በትህትና «አልሄድም» አላቸው። ትልቅ ሰው ነው፣ አእምሮው ጤነኛ ነው፣ መብቱ ነው ብለው አስፈርመውት ሄዱ። ወይ አሜሪካ! የመሞት መብት ማለታቸው ነው እንግዲህ።

ቤት ስትገባ ሶፋው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጋደም ካለ ትንፋሽ ያጥረዋል። ፊቱ አብጧል፤ እግሮቹ ካልሲ አልገባ ብሏቸው ባዶ ናቸው።

«ተነሥ፣ እንሂድ» አለችው።

«ተፈውሻለሁ» አላት፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳያነሣ።

ደብተሩ ትዝ ያላት ያኔ ነው። ጥሩ መላ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ የቀራት ነገር ስላልነበረ ነው።

ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ። ወንድምና እህቱ ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ አላቸው። አንዱ ተራኪ ይሆንና ዓለሙን ይናገራል፤ ሌላው በዚያ ዓለም ውስጥ አንድ ሰው ሆኖ ይኖራል። ሰውየው የሚያደርገውን ተጫዋቹ ይናገራል፤ ይሳካለት እንደሆነ የሚወረወረው ባለ ቁጥር ዳይስ ይወስናል። ከበቡሽ መጀመሪያ ዳይሱን ስታይ ክው ብላ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ካዚኖ በተደረደረበት ስትሪፕ ላይ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ የኖረች ሴት ናት፤ ዳይስ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። «በቤቴ ቁማር!» ብላ ልትጥለው ስትል ፋኑኤል ሃያ ጎን ያለውን አንሥቶ «እማዬ፣ እንዲህ ያለው የትኛው ካዚኖ ነው የሚገኘው?» አላት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

የሚጫወቱት ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በነበረች አንዲት የጀርመን ከተማ ውስጥ ነው። ተራኪዋ ሶሲ ናት። ፋኑኤል ደግሞ ሰርፀ ነው፤ ከሩቅ አገር መጥቶ በሰይፉ የሚያድር ቅጥር ወታደር። ፋኑኤል ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ስለ ጀርመን ሰይፎች ያላነበበው የለም። የገዙት የጨዋታ መጽሐፍ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነጥብ ሲሰጥ ያንገበግበዋል። «ሰይፍ ሁሉ አንድ ነው እንዴ?» ይላል። ስለዚህ የራሳቸውን ሕግ ጻፉ። በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅሙ ሰይፍ ቀድሞ ይደርሳል፣ ጠባብ ደረጃ ላይ ግን ነጥብ ይቀነስበታል። ሜሰር የሚሉት በአንድ ወገን የተሳለ ነው፣ እጀታው የቢላ እጀታ ነው፤ ለመቁረጥ ተጨመረለት። ካትስባልገር አጭርና ሰፊ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ሲደራረብ የሚመዘዘው እሱ ነው፣ በግርግር መሀል ሁለት ነጥብ ሰጡት። ክብደት ላይ ተጣሉ። እሷ «አሥር ኪሎ አያጣም» ስትል እሱ «ረጅሙ እንኳ አንድ ተኩል ቢሆን ነው» አላት። አላመነችውም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ውስጥ የወዳደቀ የብረት ዘንግ ፈልጋ የእቃ ሚዛን ላይ አወጣችው፤ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ። በሁለት እጇ ይዛ ወዘወዘችው። እውነትም ቀላል ነው። ሱፐርቫይዘሯ ከኋላዋ ቆሞ «ደህና ነሽ ግን?» አላት።

አንድ ነገር ላይ ተማምለዋል፤ እውነት ያልሆነ ነገር ደብተሩ ውስጥ አይገባም።

የመጨረሻው ገጽ የፍርድ ሰይፍ ነው፤ ሞት የተፈረደበት ሰው አንገት የሚቀላበት። ጫፉ ሹል አይደለም፣ ዱልዱም ነው፤ ለመውጋት አልተሠራማ። ሶሲ ስንት ነጥብ እንስጠው ብትለው «ምንም» አላት። «የተንበረከከ ሰው አይከላከልም። ከማን ጋር ነው ዳይስ የሚወራወረው?» እሷም አመነችና በገዛ እጇ ጻፈችው፤ በዚህ ሰይፍ ዳይስ አይወረወርም።

አሁን ደብተሩን አምጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች። «ሰርፀን እንጨርሰው» አለችው። ባለፈው ሰርፀ ባልሠራው ወንጀል ሞት ተፈርዶበት እስር ቤት ነበር የተዉት።

ፋኑኤል ዓይኑን ከግድግዳው አነሣ። «እሺ» አለ።

ሐሳቧ ይሄ ነበር፤ ሰርፀ ያመልጣል፣ ፋኑኤል ደስ ይለዋል፣ ልቡ ይራራል፣ ከዚያ ወደ መኪናው። የሞኝ ሐሳብ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች።

«ጠባቂው ተኝቷል» አለችው። «ቁልፉ ወገቡ ላይ ነው። እጅህ ይደርሳል።»

«ሰርፀ አይነካውም።»

«የመስኮቱ ብረት ዝጓል። ገፋ ብታደርገው ይወድቃል።»

«አይገፋውም።»

«ጓደኞችህ በሩን ሰብረው ገቡ! ፈረስ ይዘውልሃል!»

«ይመልሳቸዋል። ደክሞታል።» ለመተንፈስ ቆም አለ። «ተቀምጦ ይጠብቃል።»

ሶሲ ገባት። ልጁ ስለ ሰርፀ አይደለም የሚያወራው። ሰዓቱን አየች፤ ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ነው።

«ነጋ» አለ ፋኑኤል። ተራኪዋ እሷ ሆና ሳለ ቀማት። «አደባባይ አወጡት። ፍርድ ፈጻሚው ሰይፉን ይዞ መጣ። ሰርፀ ተንበረከከ።»

ዳይሱን አፈፍ አደረገችው። «ከአሥር በላይ ከመጣ ሰይፉ ይሰበራል!»

«ሶሲ።»

«ይስቱ ነበር እኮ! አንተው ራስህ ነህ ያነበብክልኝ!»

«ሲስቱስ ምን ያደርጉ ነበር?»

ዳይሱን በጡጫዋ ጨበጠችው።

«ይደግሙ ነበር» አላት። «ገጹን አውጪና አንብቢው።»

አነበበችው። የገዛ ጽሑፏን አነበበችው፤ በዚህ ሰይፍ ዳይስ አይወረወርም።

«ቢያንስ አንቺ አታጭበርብሪኝ» አለ። «በዚህ ቤት ውሸት የሌለበት ይሄ ደብተር ብቻ ነው የቀረው።»

«ማን ዋሸህ?»

«እኔ ነኛ የምዋሸው!» ጩኸቱ ሳል ሆነበት፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀችው። «እግሬ የማይሰማኝ መሰለሽ? አልተፈወስኩም። እዚያው መድረኩ ላይ ሆኜ አውቄዋለሁ። ግን እማዬ ስትዘል አየኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። በየትኛው አፌ ልንገራት? ደግሞ ታክቶኛል፣ ሶሲ። መርፌው፣ ወንበሩ፣ ውሃ እየለኩ መጠጣት። ጌታ ፈወሰኝ ብዬ ብተወው ማንም አይቀየመኝም ብዬ ነው።»

ሶሲ በጥፊ ልትለው ፈለገች፣ ልታቅፈውም ፈለገች፤ አንዱንም አላደረገችም።

ኮሪደሩ ላይ የታጠበ ልብስ የያዘ ቅርጫት ወደቀ። ከበቡሽ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ጌታ ይወቅ።

ፋኑኤል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እማዬ፣ ይቅር በይኝ…»

«እኔም አላመንኩም» አለች።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩዋት።

«ሰኞ ጠዋት ተኝተህ እግርህን በጣቴ ጫን አደረግሁት። እንደጎደጎደ ቀረ። ውሃ መቋጠሩን አወቅኩ። ግን ምን ልበል? እኔ ተናግሬ ፈውሱን ባስቀርብህስ? በእናቱ አለማመን ቀረበት ቢባልስ? ልጄ አምኗል፣ እምነቱን አላፈርስበትም ብዬ አፌን ያዝኩ።»

«እኔ ደግሞ አንቺ አምነሻል ብዬ» አለ ፋኑኤል።

እስቲ ይሄ ምን ይባላል? ሳምንት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድም ያመነ ሳይኖር፣ አንዱ ለአንዱ ሲል ልጁ እየሞተ ነበር። ሶሲ ደሟ ፈላ። «ጨረሳችሁ?» ብላ ጮኸች። «ጨረሳችሁ ወይ? ተነሡ!»

ፋኑኤል እሺም እምቢም አላለም። ሁለት እጁን ዘረጋላቸው፤ ብቻውን መቆም አቅቶታል። አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ ደግፈው መኪና ውስጥ አስገቡት። መንገድ ላይ አስመለሰው፤ «ከንፈሬ ደነዘዘብኝ» አለ። ሶሲ ማዕከሉ ጋ ብትደውል «እኛ ጋ እንዳታመጪው፣ በቀጥታ ኢመርጀንሲ!» አሏት። መኪናውን የት ፓርክ እንዳደረገች እንኳ አታስታውስም።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ሳይታጠብ ደሙ ውስጥ የተጠራቀመው ፖታሲየም ልቡን በማንኛውም ደቂቃ ሊያቆመው እንደሚችል ተናገረች። ከዚያ ወደ ፋኑኤል ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ ፈጠን ፈጠን እያለች ጠየቀችው፤ «የቀረኸው ሕክምናውን ማቆም ፈልገህ ነው? ከሆነ አናስገድድህም። አሁኑኑ ማወቅ አለብኝ።»

ፋኑኤል የኦክሲጅኑን ጭምብል ገለጥ አድርጎ መለሰላት። ረጅም አልነበረም። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች፤ አልጋውን እየገፉ ወሰዱት፣ በሩም ተዘጋ።

ከበቡሽ የሶሲን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። እንግሊዝኛው ፈጥኖባታል። «ምን አላት? ልጄ ምን አላት? እንዳትደብቂኝ!»

ሶሲ ልታለሳልሰው ትችል ነበር። አላለሳለሰችውም።

«‹ታክቶኛል› አላት። ‹ማሽኑን እጠላዋለሁ። ግን መሞት አልፈልግም፣ አድርጉልኝ› አላት።»

ከበቡሽ እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው ወዲያ ወዲህ እያለ፣ መሬት ቁጭ አለች።

«ደግመሽ ንገሪኝ» አለቻት።

ሶሲም አጠገቧ ቁጭ ብላ ደግማ ነገረቻት።