ዘጠነኛው ኪሎሜትር ላይ የሚጠፋው የበረዶ ሞተር

ውርጭ አምባ ላይ በረዶ የጣለው በንብረት መዝገብ ምክንያት ነው። ስማቸው ከደብዳቤው ላይ በደንብ የማይነበብ ለጋሾች ለወረዳው አንድ የበረዶ ሞተር ላኩ። ከፊት ሁለት መንሸራተቻ፣ ከኋላ አንድ ሰፊ የጎማ ሰንሰለት አለው። ወረዳው ተረከበና «በአገልግሎት ላይ ያለ» ብሎ መዘገበው። በአገልግሎት ላይ ያለ ንብረት ደግሞ ማገልገል አለበት። በሦስተኛው ወር ከከተማው በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ ላይ በረዶ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ አልቀለጠም።

በረዶው ላይ አንድ ኪሎሜትር የሄደ ሰው አምና ይደርሳል፤ ሁለት ኪሎሜትር የሄደ ካቻምና። ሕዝቡ የመጀመሪያ ሰሞን ደነገጠ፤ ከዚያ ለመደው። በእግራቸው የሄዱ ሁለት ሰዎች ስላልተመለሱ ጉዞው በሞተሩ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። አንዱ ሄዶ የሞተ አባቱን የቤቱን ካርታ የት እንዳስቀመጠው ጠይቆ ይመጣል፤ አንዷ ከእህቷ ጋር ግማሽ ቀን ተጫውታ ትመለሳለች። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ትርንጎ የሚኬድበትን ዓመት ትመዘግባለች፣ ታስፈርማለች፣ ቁልፉን ትሰጣለች።

ሞተሩን የሚጠግነው መንበሩ ነው። በወረዳው ጋራዥ ትራክተርና የውሃ ፓምፕ ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ከዚያ በፊት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ያስተምር ነበር። አንድ ሐሙስ ቀን ከቤተ ሙከራው የመለኪያ መሣሪያ ጠፋ። ባልደረባው ዳምጠው የዚያን ቀን ቁልፉን ለመንበሩ አስረክቤ ነበር ብሎ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቃሉን ሰጠ። ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ነበሩበት፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ተነጋገሩና አሰናበቱት። ይህ ከሆነ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ቆይቶ የርክክቡ ቅጽ የካርቦን ግልባጭ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ወጣ፤ ርክክቡ የተደረገው በማግስቱ እንደሆነ፣ ቁልፉም ያን ቀን ዳምጠው ዘንድ እንደነበር በራሱ በዳምጠው ፊርማ ይናገራል። መንበሩ ግልባጩን ይዞ አርባ አንድ አቤቱታ አስገባ። አርባ አንዱም ጊዜው ያለፈበት ነው ተብሎ ተመለሰ።

በረዶው ከወረደ ወዲህ ጊዜው ማለፉ ችግር አልነበረም። ሠላሳ አንድ ኪሎሜትር ነው።

ችግሩ ሞተሩ ዘጠነኛው ኪሎሜትር ላይ የሚጠፋ መሆኑ ነበር። ሌላው ሰው ከስድስት ዓመት በላይ ሄዶ ስለማያውቅ ይህን የሚያውቀው መንበሩ ብቻ ነው። አሥራ ሦስት ጊዜ ሞክሮ አሥራ ሦስት ጊዜ ከዚያ አላለፈም። ወደ ከተማው ሲያዞሩት ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።

የሚቆመው ደግሞ መንበሩ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ይኖርበት በነበረው ቤት ፊት ለፊት ነው። ደጃፉ ላይ ሚስቱ ደብሪቱ ፀሐይ ትሞቃለች። ደብሪቱ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበረች፤ አቤቱታዎቹን ሁሉ የጻፈችለት እሷ ናት። በዚያው ዓመት በኩላሊት ሕመም ሞተች። የሞተች ዕለት መንበሩ አርባ አንደኛውን ለማስገባት አዲስ አበባ ሰልፍ ላይ ነበር። አሥራ ሦስቱንም ጊዜ ግባ ብላዋለች። አሥራ ሦስቱንም ጊዜ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ አጎንብሶ ቆይቶ፣ ሲመሽ ተመልሷል።

አሥራ አራተኛው ጉዞ ሰኞ ጠዋት ነበር። ትርንጎ ቅጹን እየሞላች የትኛው ዓመት እንደሚሄድ ጠየቀችው። ሠላሳ አንድ አላት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና የአቶ ሸዋንግዛውን ነገር ሰምቶ እንደሆነ ጠየቀችው።

አቶ ሸዋንግዛው ስድስት ኪሎሜትር ሄደው ልጃቸውን ያን ቀን ገበያ እንዳይሄድ ለመኑት። እሺ አላቸው። አንድ እግሩን ያሳጣው የጭነት መኪና ያለ እሱ ተገለበጠ። ሽማግሌው ሲመለሱ ልጃቸው በሁለት እግሩ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ያገኛት ሚስቱና ሁለቱ ልጆቻቸው ግን አልነበሩም፤ የሚያስታውሷቸው ሽማግሌው ብቻ ናቸው። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ማዕድ ሲቀርብ ሦስት ሰው ሳይጠብቅ እጁን አይዘረጋም። ማንን እንደሚጠብቅ አያውቅም።

መንበሩ ነገሩን የወሰደው ያልተማረ ሰው እንደሠራው የስሌት ስሕተት ነው።

«እኔ የማስተካክለው አንድ ወረቀት ነው፤ ሰው አልነካም» አላት።

«እርስዎስ ሰው አይደሉም፣ ኢንጂነር?» አለችው ትርንጎ። አስፈረመችውና ቁልፉን ሰጠችው።

ዘጠነኛው ላይ ሞተሩ ጠፋ። መንበሩ ወርዶ ክዳኑን ከፈተ። በዚህኛው ጊዜ ከካንዴላና ከነዳጅ ማጣሪያ አልጀመረም፤ እነሱን ቀደም ብሎ ጨርሷቸዋል። ቴስተሩን አውጥቶ ከነዳጅ መስጫው ሴንሰር ጋር አገናኘ። ሴንሰሯ የክብሪት ሳጥን የማታህል ጥቁር ዕቃ ናት። አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክብ ክዳን ጎን ተቀምጣ፣ ክዳኑ ምን ያህል እንደተከፈተ ለሞተሩ ኮምፒውተር ትናገራለች። ነጂው እጀታውን በአውራ ጣቱ ሳይጫን ግማሽ ቮልት ማሳየት ነበረባት። አንድ ቮልት ልትሞላ ትንሽ የቀራት ሆና ተገኘች። መንበሩ እጀታውን ቀስ ብሎ ተጫነ። ቁጥሩ ሳይዘል፣ ሳይንቀጠቀጥ ወደ ላይ ወጣ፤ ሲለቀው ወርዶ እዚያው አንድ ቮልት አጠገብ ቆመ።

ደብሪቱ በርጩማዋን ይዛ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ጋቢ ደርባለች፤ እግሮቿ አብጠዋል።

«ዛሬስ ምን ሆንኩ አለች?»

«ሴንሰሯ ደህና ናት። ማንም ሳይጫናት ክዳኑ ተከፍቷል ትላለች። ኮምፒውተሩ እጀታው ተለቆ ክዳኑ ለምን ይከፈታል ይልና ፈርቶ ያጠፋዋል።»

«ክዳኑ በእርግጥ ተከፍቷል?»

መንበሩ አጎንብሶ አየ። ተከፍቶ ነበር፤ እጀታው ተለቆ ሳለ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚወስነው የሚኒሞው ብሎን ከልክ በላይ ገብቶ ክዳኑን ደግፎ ይዞታል። ብሎኑን ማን እንዲህ እንዳጠበቀው አስታወሰ። የመጀመሪያው ጊዜ ሞተሩ አልጠፋም ነበር። እሱ ነው ያቆመው። ደብሪቱን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሲያያት አቆመ፤ ቶሎ መሄድ እንዲችል ሞተሩ እየሠራ እንዲጠብቀው ፈለገ፤ በካቻቢቴ ሚኒሞውን ከፍ አደረገ። ፊቷን ላለማየት ሲል ደግሞ ደጋግሞ አጠበቀው። ይህን ለደብሪቱ እንዳለ ነገራት።

«አጥፍተኸው ብትገባ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበራ» አለችው። አልተቆጣችም። «አሁንስ ግባ። አጥሚት አለ።»

«ስመለስ እገባለሁ።»

«ለአርባኛውም ስትሄድ ስመለስ ነው ያልከኝ።»

«ተመልሼ የለም እንዴ?»

«ተመልሰሃል። አርባ አንደኛውን እንድጽፍልህ።»

መንበሩ ካቻቢቴውን አነሳ። የሚኒሞውን ብሎን ክዳኑ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ድረስ አላላው። እጀታውን ሦስት ጊዜ ተጭኖ ለቀቀ፤ ክዳኑ በትክክል ቦታው እንዲቀመጥ። ከዚያ ሴንሰሯን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈታ አደረገ። አሁን ሴንሰሯን በአንድ እጅ እያዞሩ በሌላው ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ቴስተሩን የሚያነብ ሦስተኛ እጅ የለውም። ደብሪቱ ቴስተሩን ተቀበለችው። ቁጥር ሳታሳስት ዕድሜዋን በሙሉ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት፤ ሳትቸኩል ታነብለት ጀመር። ዜሮ ነጥብ ሰባት። ዜሮ ነጥብ ስድስት። አለፈ፣ ትንሽ መልሰው። ዜሮ ነጥብ አምስት።

«በቃ፣ ደርሷል» አለችው።

አጠበቀ። ሚኒሞውን ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚበቃውን ያህል ብቻ መልሶ አስገባ፤ አስነሳው። ሞተሩ ከዚህ በፊት ባልተሰማ ልስላሴ ሠራ። ደብሪቱ ቴስተሩን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችውና በርጩማዋን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«ዳምጠውን ካገኘኸው አትሳደብ» አለችው። «ሲሰድቡህ እንጂ ስትሳደብ አያምርብህም።»

አሥረኛውን ኪሎሜትር በሁለት ደቂቃ አለፈ። ሃያ አንደኛው ላይ የእሱና የደብሪቱ የሠርግ ድንኳን ቆሞ ነበር፤ ጭብጨባው ከሞተሩ ድምፅ በላይ ተሰማ። ሃያ ዘጠነኛው ላይ ሻንጣ የያዘ አንድ ሰው፣ ያኔ የነበረው እሱ ራሱ፣ አውቶቡስ ተራ ቆሞ ውርጭ አምባ የሚሄደውን መኪና ይጠይቃል። መንበሩ ፍጥነቱን አልቀነሰም።

ሠላሳ አንደኛው ኪሎሜትር የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ሕንፃ ኮሪደር ውስጥ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ሞተሩ እንዲያልፍ ባልዲዋን አነሳችለት። አግዳሚው ወንበር ላይ ወጣቱ መንበሩ ጫማውን አሳምሮ ጠርጎ፣ ጥፍሩን እየበላ ተቀምጧል። ሽማግሌውን መንበሩን ቀና ብሎ አየና ፊቱን ወደ በሩ መለሰ።

ኮሚቴው ሃያኛው ደቂቃ ላይ ነበር። ሽማግሌው መንበሩ ገብቶ ግልባጩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ አነበበ፤ ለሁለቱ አሳለፈ፤ ሁለቱም አነበቡ። መንበሩ ለሠላሳ አንድ ዓመት ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። ማንም አልጠየቀውም።

«ይህማ ግልጽ ነው» አለ ሰብሳቢው። «ምነው አባቴ፣ ቀደም ብለው ቢያመጡት?»

ዳምጠው ተጠራ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሸሚዙ አንገትጌ ሰፍቶታል። ፊርማውን አየና ጆሮው ቀላ። ዋሽቶ እንደሆነ ጠየቁት። መንበሩ ይህን መልስ ለመስማት ነበር ከሁሉም በላይ የናፈቀው። ዳምጠው ግራ ገብቶት ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ።

«ሐሙስ መስሎኝ እኮ ነው» አለ። «ያስረከብኩት ሐሙስ መስሎኝ።»

ከዚህ ሌላ ነገር አልነበረም። ሰብሳቢው በቃለ ጉባኤው ላይ አንድ መስመር ሰርዞ ሌላ ጻፈ። አራት ደቂቃ ወሰደ። ወጣቱ መንበሩ ተጠርቶ ይቅርታ ተጠየቀ፤ ሲወጣ ዳምጠው እጁን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ምሳ ይጋብዘው ጀመር። ሁለቱም የሱሪያቸውን ጫፍ ከፍ አድርገው በረዶውን ተሻገሩና በደረጃው ወረዱ። ሽማግሌው ከኋላ ሆኖ ሳቃቸውን ሰማ። ያ ሳቅ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም፤ በዚያ በኩል ኖሮ አያውቅም።

ሲመለስ ሃያ ዘጠነኛው ላይ አውቶቡስ ተራው ባዶ ነበር። ሃያ አንደኛው ላይ ድንኳን የለም። መንበሩ እጀታውን ይበልጥ ተጫነ።

ዘጠነኛው ላይ ቤቱ ነበር። ደብሪቱም በርጩማዋ ላይ ነበረች፤ እግሮቿ እንደዚያው አብጠዋል። አጠገቧ አንድ የማያውቀው ሰው ብርቱካን እየላጠ፣ ውሃሽን አልጨረስሽም ብሎ ይቆጣታል። መንበሩ ሞተሩን አቆመ። ሁለቱም ቀና አሉ።

«ደህና ዋሉ» አለችው ደብሪቱ። «መንገዱ ጠፋብዎት?»

አልጠፋብኝም አላት። ስለ እግሯ ጠየቃት። እንግዳ ሰው ስለ እግሯ መጠየቁ ትንሽ ገርሟት፣ ነገ ሐኪም ቤት እንደምትሄድ፣ ባሏ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ እንደሚወስዳት ነገረችው። ባሏም ብርድ ነው፣ ግቡና ትንሽ አረፍ በሉ አለው። መንበሩ ስመለስ እገባለሁ ብሎ የነበረው እዚህ ቤት አልነበረም። አመስግኖ ሄደ። ከኋላው ደብሪቱ እንግዳው የማን ዘመድ እንደሚሆን ስትጠይቅ፣ ባሏም እንጃ ሲል ተሰማ።

ከተማው መግቢያ ላይ ትርንጎ መዝገቧን ይዛ፣ ተራ ከሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ጋር ቆማ ነበር። መንበሩ ደረሰና እጀታውን ለቀቀ። የለቀቀ መሰለው። ሰላም አላቸው፤ ማንም አልሰማውም። ትርንጎ ባዶውን ወንበር አየች፤ ሜዳውን አየች፤ መዝገቡን ገለጠች። ሠላሳ አንድ የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ የፈራሚው ቦታ ንጹሕ ነው። ጎንበስ ብላ ጣቶቿን ከእጀታው ሥር አስገብታ ወደ ላይ ሳበች። ጣቶቿ በመንበሩ አውራ ጣት ውስጥ አለፉ፤ አልቀዘቀዘውም፣ አልሞቀውም። እጀታው አልተነሳም።

«እጀታው እስከ መጨረሻው ተጭኗል» አለች።

ከሁለቱ አንዱ ጠጋኝ ይጠራ አለ።

«ውርጭ አምባ መቼ ጠጋኝ ኖሮት ያውቃል?» አለችው ትርንጎ፤ በመዝገቡ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች።

ሞተሩ ቀስ ብሎ ወደ በረዶው ዞረ። ሁለቱ ሰዎች ለሚያልፍ ከብት እንደሚለቀቅ መንገድ ለቀቁለት። ባዶው ወንበር ሰው እንደተቀመጠበት ወደ ታች ጎድጉዶ ነበር።